«ከአጥሬ ውጭ ያለው የከተማው ነው» እና ሌሎች ስለ ፍሳሽ መስመር የተሳሳቱ አመለካከቶች

አሜሪካ ውስጥ አሮጌ ቤት የገዛ ሀበሻ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ማሞቂያው፣ ስለ ኩሽናው አውርቶ አይጠግብም። ከቤቱ ወጥቶ በግቢው ስር እያለፈ ከመንገዱ ዋና መስመር ጋር ስለሚገናኘው የፍሳሽ ቱቦ ግን ማንም አያነሳም። የሚነሳው ቤዝመንቱ መሽተት ሲጀምር ነው። ያኔ ፕላምበሩ የሚጠራው ዋጋ ያስደነግጣል፤ ወዳጅ ዘመድም የየራሱን ምክር ይዞ ይመጣል። ብዙው ምክር ደግሞ ስህተት ነው።

«ከአጥሬ ውጭ ያለው የከተማው ነው»

እንደ ከተማው ነው። ሲያትል ውስጥ ባለቤቱ ቱቦው ከዋናው መስመር እስከሚገናኝበት ድረስ ኃላፊ ነው፤ አስፋልት ስር ያለውም ቢሆን የእሱ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ግን የባለቤቱ ድርሻ በግል ይዞታው ውስጥ ያለው ነው። በሕዝብ ቦታ ስር ያለውን የውሃ ድርጅቱ ይይዛል። ይሄ ትንሽ ልዩነት አይደለም። መንገድ ሲቆረጥ ተጨማሪ ፈቃድ ይጠየቃል፣ ትራፊክ የሚያስተናግድ ሰው ይቆማል፣ አስፋልቱም እንደነበረ መመለስ አለበት። ስለዚህ ከፕላምበሩ በፊት ለውሃ ድርጅቱ ደውሉና «የኔ ድርሻ የት ድረስ ነው?» በሉ።

«ኢንሹራንስ አለኝ»

የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ በእርጅና፣ በዝገት ወይም በዛፍ ሥር የተበላሸ ቱቦ አይሸፍንም። ለየብቻ የሚገዙ ሁለት ተጨማሪዎች አሉ። አንዱ ፍሳሽ ተመልሶ ቤት ውስጥ ሲገባ ያበላሸውን ይከፍላል፤ ሌላው ቱቦውን ራሱን። ሰው አንዱን ገዝቶ ሁለቱንም የገዛ ይመስለዋል።

«ስገዛው ኢንስፔክሽን አልፏል»

ኢንስፔክተሩ የሽንት ቤቱን ውሃ ለቆ፣ ቧንቧውን ከፍቶ ያያል። ቱቦው ውስጥ አይገባም። በካሜራ የሚደረገው ምርመራ ለብቻው ይታዘዛል፤ ዋጋውም አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት መቶ ዶላር ነው። እድሜ የጠገበ ቤት ከሆነ፣ በተለይ ትልቅ ዛፍ ካለው፣ ሳያስመረምሩ መግዛት ቁማር ነው። የዱሮዎቹ ቱቦዎች ከሸክላ ወይም ከብረት የተሠሩ ናቸው። ከሁሉም የሚከፋው ኦሬንጅበርግ የሚባለው ነው። ከወረቀት ጭረትና ከሬንጅ ተጨምቆ የተሠራ ሲሆን፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ብዙ ቤት ገብቷል። በጊዜ ብዛት ይለሰልስና ይጨፈለቃል። ካሜራው ይህን ካሳየ ጥገና ላይ ገንዘብ አታባክኑ።

«ከተዘጋ መቀየር አለበት»

የለበትም! አንድ ሲንክ ብቻ ከተዘጋ ችግሩ እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ልብስ ማጠቢያው ውሃ ሲለቅ ቤዝመንት ወለል ላይ ያለው መውረጃ ወደ ላይ የሚተፋ ከሆነ ግን ዋናው ቱቦ ተነክቷል። ያኔም ቢሆን ጤነኛ ቱቦ ላይ ያለች አንዲት ስንጥቅ፣ ያቺን ቦታ ብቻ ቆፍሮ ትጠገናለች። የዛፍ ሥር ከሆነ በማሽን ይቆረጣል፤ ሥሩ የገባበት መጋጠሚያ ክፍት ስለሆነ ግን ተመልሶ ይበቅላል። በየዓመቱ ማስቆረጥ ወይስ አንዴ መቀየር? ለጥቂት ዓመት ብቻ በቤቱ ለሚቆይ ሰው ማስቆረጡ ሊያዋጣ ይችላል። ቪዲዮውን ሳያሳይ «ሁሉም ይቀየር» የሚል ፕላምበር ከመጣ፣ እኔ ብሆን ሌላ እጠራለሁ።

«ሳይቆፈር የሚሠራው ሁልጊዜ ይሻላል»

ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው አሮጌው ቱቦ ውስጥ በሙጫ የተነከረ ጨርቅ ገብቶ ይደርቅና አዲስ ግድግዳ ይሆናል። በሌላው አዲሱ ቱቦ አሮጌውን እየሰበረ ይገባል። ድራይቭዌይ ወይም የማይነካ ዛፍ ካለ ጥሩ ናቸው። ሁለቱም ግን የአሮጌውን መንገድ ይከተላሉ። ቱቦው መሃሉ ላይ ሰርጎ ውሃ የሚያቁር ከሆነ፣ ጨርቁ ያንኑ ጉድጓድ ይለብሳል እንጂ አያቃናውም። ቱቦው ጥልቅ ካልሆነና ከላዩ ሣር ብቻ ካለ መቆፈሩ ሊረክስም ይችላል።

«ስንት እንደሆነ በስልክ ይንገሩኝ»

ቱቦውን ለማስቀየር ብዙ ጊዜ የሚጠራው በአንድ ጫማ ርዝመት ከ50 እስከ 250 ዶላር ነው። ጠቅላላው ከጥቂት ሺህ ተነስቶ 25,000 ዶላርን ሊያልፍ ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጡት ርዝመቱ፣ ጥልቀቱና ከላይ ያለው ነገር ናቸው። ከ5 ጫማ በላይ ሲቆፈር ግድግዳው እንዳይናድ መደገፍ ስላለበት ዋጋው ይጨምራል። ሁለት ሦስት ዋጋ ስታወዳድሩ ፈቃዱን፣ የከተማውን ምርመራና የተሰበረውን ኮንክሪት መመለስን ያካተተው የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። የረከሰው ብዙ ጊዜ ጉድጓዱን ለእናንተ ትቶ የሚሄደው ነው።

«ጓደኛዬ ቅዳሜ ይቆፍርልኛል»

ያለ ፈቃድ የተሠራ ሥራ ቤቱ ሲሸጥ ጣጣ ያመጣል። ጓደኛችሁ ቢያውቅበትም ባያውቅበትም ግን አካፋው መሬት ከመንካቱ ቢያንስ ጥቂት የሥራ ቀናት በፊት 811 ደውሉ። የጋዝና የመብራት መስመር የሚያልፍበትን ያለ ክፍያ መጥተው በቀለም ያሰምሩላችኋል።