ካሜራው አንድ፣ እንጀራው ሁለት፦ ፊልም ሠሪው የፋሽን ፎቶ ሲያነሳ

አዲስ አበባ መሀል ፊልም ብቻ ሠርቶ ቤት ኪራይ መክፈል ከባድ ነው። ስለዚህ ዳይሬክተሩ በጎን ፎቶ ያነሳል። ፊልሙ ፕሮዲውሰር እስኪያገኝ ይቆያል፤ የሀበሻ ቀሚስ ሥራ ግን ቀብድ ይዞ ይመጣል።

ድሮ ሁለቱ ሙያዎች ለየብቻ ነበሩ። ፎቶ በእነ ቦያጂያን፣ በአርመኖቹ፣ እጅ በምኒልክ ዘመን ቤተ መንግሥት ገብቷል። የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት ግን ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» አለው። በኋላ ያገናኛቸው ዕቃው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ካኖን 5ዲ ማርክ 2 የተባለው የፎቶ ካሜራ ሙሉ ኤችዲ ቪዲዮ ይዞ ወጣ። ጠዋት ፎቶ ያነሳ ካሜራ ከሰዓት ፊልም ይቀርጽ ጀመር።

በትምህርት ከፊልም ተነስቶ በፎቶ ለታወቀ ሰው አይዳ ሙሉነህ ትጠቀሳለች። ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተምራ እ.ኤ.አ. በ2000 ተመረቀች፤ በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶ ፌስቲቫል መሠረተች። ፎቶዋ ላይ ቀለም የተቀባ ፊት፣ ደማቅ ልብስ አለ፤ ሲያዩት የፋሽን ፎቶ ይመስላል። ለእኔ ግን ከፊልም መሀል የተቆረጠ ትዕይንት ነው።

የመሀል ከተማው ዋና ፈተና ፀሐይ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የቀትር ብርሃኗ ምሕረት የለውም። ለሞዴሏ ፊት ብርሃን ከለካህ ሸማው ነጭ ወረቀት ይሆናል፣ ፈትሉ ይጠፋል። ለሸማው ከለካህ ፊቷ ይጠቁራል። ስለዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ መውጣት ነው። ፎቶ ላይ ብርሃኑን ለመቀነስ ሹተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራ መጋረጃ፣ ማፍጠን ይቻላል። ቪዲዮ ላይ ካፈጠንከው እንቅስቃሴው ይቆራረጣል፤ ሌንሱ ላይ ኤንዲ ፊልተር፣ ማለትም የካሜራ ጥቁር መነጽር፣ ማድረግ ግድ ነው።

ለጀርባ ምስል የፒያሳ አሮጌ ግድግዳዎች ተመራጭ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ብዙዎቹ ፈረሱ። የጣይቱ ሆቴል የእንጨት ደረጃ ዛሬም አለ።

ከሁሉም በላይ ነጠላ ማወቅ ያስፈልጋል። ለድምቀት ብለህ ጥለቱን ወደ አንገቷ ብታወጣው፣ ተመልካቹ «ማን ሞተባት?» ይላል፤ ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለሐዘን ነዋ! ለልብስ ሻጭ ይህ ኪሳራ ነው። ፊልም ላይ ግን ተዋናይዋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከበር ስትወጣ፣ መርዶውን በቃል የሚናገር ሰው አያስፈልግም።