ነዳጅ ለመቆጠብ አውቶማቲክ መኪናን ማንደርደር፦ በጅማና በዙሪያዋ

ማንደርደር ማለት እግርን ከነዳጅ ፔዳል አንስቶ መኪናው በያዘው ፍጥነት ወይም በቁልቁለቱ ስበት እንዲሄድ መተው ነው። ጅማ ውስጥ መሪ የጨበጠ ሁሉ በየቀኑ ያደርገዋል፤ ልዩነቱ አደራረጉ ላይ ነው። ገሚሱ ማርሹን ዲ ላይ፣ ማለትም በመደበኛው የመንጃ ማርሽ ላይ እንዳለ ይተወዋል፤ ገሚሱ ደግሞ ቁልቁለት ገና ሲያይ ወደ ዜሮ፣ ማለትም ወደ ኤን ያወጣዋል። በዛሬ መኪና ቁልቁለት ላይ ነዳጅ የሚቆጥበው የመጀመሪያው ነው።

የዜሮ ልማድ ያለ ምክንያት አልመጣም። በካርቡራተር (ቤንዚንን ያለ ኮምፒዩተር ከአየር ጋር በሚቀላቅለው ዕቃ) ዘመን፣ በእነ ቮልስና በእነ ፔጆ ጊዜ፣ ሞተር እስከዞረ ድረስ ቤንዚን ይስባል። ስለዚህ ዜሮ አድርጎ የሞተሩን ዙር ወደ ሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጥ ወደሚዞርበት ዝቅተኛ ልክ ማውረድ እውነትም ይቆጥብ ነበር። ከሹፌር ወደ ረዳት ሲተላለፍ የኖረው ምክር ለዚያ መኪና ትክክለኛ ነው።

ዛሬ በየመንገዱ የምናያቸው እንደ ቪትዝ፣ ያሪስና ኮሮላ ያሉት ግን ቤንዚን የሚረጩት ኮምፒዩተር በሚያዛቸው ኢንጀክተሮች ነው። ሞተሩ ከሞቀ፣ እግር ከፔዳሉ ከተነሳና ዙሩ በደቂቃ ከ1,200 ወይም ከ1,500 በላይ ከሆነ (ልኩ እንደየመኪናው ይለያያል) ኮምፒዩተሩ ኢንጀክተሮቹን ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። ያን ጊዜ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው፤ የሚቃጠል ጠብታ የለም። ዜሮ ሲደረግ ጎማና ሞተር ይለያያሉ። ሞተሩ እንዳይጠፋ መርጨቱ ይቀጥላል፤ ለትንሽ ሞተር በሰዓት ከ0.6 እስከ 1 ሊትር ገደማ ይፈጃል።

ይህን በዓይን ለማየት ከጅሬን ኮረብታ፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወደ ከተማ መውረድ ይበቃል። ቅጽበታዊ ፍጆታ የሚያሳይ መኪና ይዤ ስወርድ ዓይኔ ከመንገዱ ቀጥሎ የሚያርፈው እዚያ ቁጥር ላይ ነው። ዲ ላይ ሆኜ እግሬን ሳነሳ ወዲያው 0.0 ይላል። በኪሎ ሜትር በሊትር የሚያሳዩት የጃፓን መኪኖች ደግሞ የመጨረሻውን ከፍተኛ ቁጥር ያሳያሉ፤ ትርጉሙ አንድ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየወረዱ ኤን ላይ በሰዓት 0.8 ሊትር ማቃጠል ግን በ100 ኪሎ ሜትር 2 ሊትር ማለት ነው። ብዙ አይመስልም፤ ግን ምንም ሊወጣበት የማይገባ መንገድ ላይ የወጣ ነዳጅ ነው።

ከነዳጁ ይልቅ የሚያሳስበኝ ፍሬኑ ነው። ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ ከአበልቲ በኋላ ወደ ግቤ ሸለቆ የሚያወርደውን ረጅም ጠመዝማዛ የሚያውቅ ይህን ይረዳል። 1,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና በከፍታ 100 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 1 ሜጋጁል ገደማ ነው፤ 3 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ ለቡና ለማድረስ የሚበቃ ሙቀት። ዲ ላይ ሞተሩ ከዚህ ድርሻውን ይይዛል። ዜሮ ላይ ግን ነፋስ ከሚያስቀረው በስተቀር ሙቀቱ ሁሉ የፍሬን ሸራው ላይ ያርፋል፤ የጋለ ሸራ ደግሞ አይይዝም። በረጅም ቁልቁለት ዲም ብቻውን ላይበቃ ይችላል፤ እንደ መኪናው ኤል፣ ኤስ ወይም ቢ ላይ፣ ማለትም ሞተሩ መኪናውን ይበልጥ በሚይዝበት ማርሽ ላይ ማድረግ ያስፈልጋል። የዙሩ ድምፅ ሲጮህ ነዳጅ የሚበላ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው፤ እግር የነዳጅ ፔዳል ላይ እስከሌለ ድረስ አይበላም።

ሞተር አጥፍቶ መውረድማ ፈጽሞ መሞከር የሌለበት ነው። የፍሬኑ ማገዣ ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ያልቃል፣ መሪው ይከብዳል፣ ቁልፉ ከተነቀለም ሊቆለፍ ይችላል። የብዙ አውቶማቲክ ካምቢዮዎች የዘይት ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ስለሆነ ውስጡ ዘይት ሳያገኝ ይፋጫል።

ዜሮ የሚያሸንፍበት ቦታ የለም ማለት አይደለም። ለስላሳ ቁልቁለት ላይ ዲ መኪናውን ስለሚጎትት መልሶ ነዳጅ መስጠት ይመጣል፤ ዜሮ ላይ ግን ረጅም ርቀት ይሄዳል። ፖርሸና ኦዲን የመሳሰሉ አምራቾች በአንዳንድ ሞዴሎቻቸው መኪናው ራሱ ሞተሩን ከጎማው እየለየ እንዲንደረደር ያደረጉት ለዚህ ነው። ሆኖም እዚያ የሚወስነው ኮምፒዩተሩ ነው፤ ፍሬን ሲነካ መልሶ ያገናኛል። እጅ ማርሹ ላይ አድርጎ ይህን መኮረጅ አይቻልም።

ከተማ ውስጥ ትልቁ ቁጠባ ቀድሞ እግር ማንሳት ነው። በሰዓት 60 ሲሄድ በፍሬን የቆመ 1,000 ኪሎ መኪና ወደዚያው ፍጥነት ለመመለስ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ቤንዚን ይፈልጋል። ከሰርቦ በኩል የሚገባ ሹፌር ፊት ለፊቱ የባጃጅ ሰልፍ ሲያይ እስኪደርስበት ነዳጅ መስጠት የለበትም። በዝናብ ወራት፣ አስፋልቱ ጭቃ ሲለብስ፣ ይህ ልማድ ርቀት መጠበቂያም ይሆናል።

ኢትዮጵያ በ2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ነው። በእነሱም ሆነ ቤንዚንና ኤሌክትሪክ አጣምሮ በሚሄደው ሃይብሪድ ዲ ላይ እግር ሲነሳ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ባትሪውን ይሞላል፤ ኤን ላይ መሙላቱ ይቋረጣል። ጅሬንን በዲ የወረደ ኤሌክትሪክ መኪና ታች ሲደርስ ከተነሳበት ትንሽ የበለጠ ቻርጅ ይዞ ሊገኝ ይችላል።