ስሜን ተራሮች ላይ ድንኳን ጥሎ ለማደር

ሰው ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲሄድ አብዛኛውን ጊዜ የሚያቅደው ቀኑን ነው። ጭላዳው፣ ገደሉ፣ ፎቶው። እኔ ግን ዕቅዱ ከሌሊቱ ይጀመር ባይ ነኝ። የት የት እንደምታድሩ ከተወሰነ ሌላው ብዙም አያስቸግርም።

መነሻው ደባርቅ ነው፤ ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው። የመግቢያና የማደሪያ ክፍያ የሚፈጸመው፣ መሣሪያ የታጠቀ ስካውት የሚመደበው፣ በቅሎና ምግብ አብሳይ የሚገኘው እዚያው ነው። ክልሉ ከገባበት ግጭት የተነሳ ግን መንገዱ ሰላም መሆኑን ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ አረጋግጡ። ይህ ሳይጣራ ትኬት መቁረጥ አይመከርም።

የታወቁት ማደሪያዎች ሳንቃበር (3,250 ሜትር ገደማ)፣ ግጭ (3,600) እና ጨነቅ (3,620) ናቸው። ቅደም ተከተላቸው በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ሳንቃበርም ጨነቅም መኪና ስለሚገባ፣ አንዳንዱ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ጎንደር ጠዋት ተነስቶ ማታ ጨነቅ ይተኛና ሌሊቱን ሙሉ ራሱን ይዞ ሲያቃስት ያድራል። ሰውነት ከፍታውን የሚለምደው ቀስ በቀስ ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት ደባርቅ ወይም ሳንቃበር እደሩ። ራስ ምታቱ ማስመለስ ከጨመረበት ወይም እያደር ከባሰ ግን መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ «ነገ ይሻለኛል» አይሠራም።

ግጭ መኪና አይገባም፣ በእግር ነው። ከሳንቃበር ሲኬድ በመንገድ ላይ የጅንባር ፏፏቴ ይታያል። በማግስቱ ደግሞ እሜት ጎጎ (3,926 ሜትር) ወጥቶ ገደሉን ከላይ ማየት አለ። ለኔ ከፓርኩ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ዋልያ ለማየት ግን የተሻለው ጨነቅ ነው።

ብርዱን አትናቁት። ከኅዳር እስከ ጥር ቀኑ ፀሐይ ነው፣ ሌሊቱ ግን ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ጠዋት ድንኳኑ ላይ አመዳይ ታገኛላችሁ። ወፍራም ስሊፒንግ ባግ ብቻውን አይበቃም፤ ብርዱ ከመሬት ስለሚመጣ ከሥር የሚነጠፍ ፍራሽ ያስፈልጋል። ስልክና ባትሪ አብሯችሁ ይተኛ፣ ብርድ ቻርጅ ይጨርሳል። አረንጓዴና አበባ የሚወድ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ቢሄድ ይሻለዋል። ክረምቱ ጭጋግና ጭቃ ነው።

ምግብ ከደባርቅ ይሸመታል። ለስካውቱና ለበቅሎ ነጂው የሚበቃም ጨምሩ፣ እነሱ ፆማቸውን እያዩ መብላት ያሳፍራል። እዚያ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው 88 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ባቄላና ሽምብራ ስትቀቅሉ ትከርማላችሁ። ሽሮ፣ ፓስታ፣ ምስር ክክ ይዛችሁ ሂዱ። ምድጃም እንዲሁ ይዛችሁ ሂዱ እንጂ እንጨት ለቅማችሁ ለማንደድ አታስቡ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ በኋላ፣ ዋልያው እየተመናመነ ሰውና ከብት እየገፋ ስለመጣ በ1996 አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቶ ነበር። የወጣው በ2017 ነው። ስካውቶቹ ስለ እንጨትና ስለ ቆሻሻ የሚቆጡት በምክንያት ነው ማለት ነው። ጭላዳ ሣር በሊታ ነው፣ ዳቦ አትወርውሩለት። ቁራው ደግሞ ድፍረቱ ለጉድ ነው፤ ምግብ ደጅ ትታችሁ አትራቁ።

ሦስት ሌሊት ለሳንቃበር፣ ለግጭና ለጨነቅ ይበቃል። ቧሂት (4,430 ሜትር) ለመውጣት ጨነቅ ላይ አንድ ሌሊት ጨምሩ። ራስ ደጀንን (4,550) የሚያስብ ሰው ደግሞ ከጨነቅ ወደ አምቢቆ ወርዶ ማደር፣ ከዚያ ገና በጨለማ መነሳት ይጠብቀዋል።