ውሻችሁ የማይሆን ምግብ ከበላ፦ «ወተት ስጡት» እና ሌሎች ስህተቶች

«ውሻ እኮ ፍርፋሪ በልቶ የኖረ ነው፤ ወጥ ምንም አይለውም።»

ይለዋል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳሉ። ቢበስልም፣ ቢደርቅም፣ ቢፈጭም ያው ነው። ለውሻ በኪሎ ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ደሙን ለመጉዳት ይበቃል። 10 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 150 ግራም ማለት ነው፤ አንድ ትልቅ ራስ ሽንኩርት። ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎ ሽንኩርት በሚቁላላበት ቤት፣ ድስቱን ጠራርጎ ለውሻ መስጠት እዚያ ሊያደርስ ይችላል። የበሰለው የዶሮ አጥንትም እየተሰነጠቀ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል።

የሽንኩርት ክፋቱ ዝምታው ነው። ውሻው በዓሉን ደህና ሆኖ ይውላል። ከቀናት በኋላ ይደክመዋል፣ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይቀላል ወይም ቡናማ ይሆናል። ያኔ ሐኪሙ «ምን በልቶ ነበር?» ሲል ወጡን የሚያስታውሰው ሰው የለም።

«ወተት አጠጡት፣ መርዙን ያረክሰዋል።»

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ በየቤቱ ስላለ። ወተት የሽንኩርትንም፣ የቸኮሌትንም፣ የወይን ፍሬንም መርዝ አያረክስም። ብዙ ያደጉ ውሾች ወተት አይስማማቸውም፤ ተቅማጥ ይጨመርና ሐኪሙ የቱ ከመርዙ፣ የቱ ከወተቱ እንደመጣ መለየት ይቸግረዋል። ከሁሉ የከፋው ግን የሚባክነው ሰዓት ነው። ሐኪም በመርፌ አስመልሶት ብዙውን መርዝ ሊያወጣለት የሚችለው በተለይ በመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት ውስጥ ነው።

ዘይት መጋትም ያው ነው፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። በጨው ውኃ ማስመለስማ ፈጽሞ አይሞከር። ጨው ራሱ ውሻን ይመርዛል፤ አንዘፍዝፎ ሊገድለው ይችላል። ሐኪም ሳያዛችሁ ጣታችሁን ጉሮሮው ውስጥ አትክተቱ፣ ምንም አታጠጡት። የሚንዘፈዘፍ ወይም ራሱን የሳተ ውሻ ከሆነማ አፉ ውስጥ ምንም ነገር አይገባም።

«ይኸው እየተጫወተ ነው፤ እስቲ እንየው።»

አትጠብቁ። የቸኮሌት ምልክት ብዙ ጊዜ የሚታየው ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ነው፦ ማስመለስ፣ መቁነጥነጥ፣ የልብ ምት መፍጠን። ጥቁር ቸኮሌትና የካካዎ ዱቄት ከወተት ቸኮሌት እጅግ ይብሳሉ። ወይንና ዘቢብ ኩላሊቱን የሚጎዱት በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ነው። ስኳር አልባ ማስቲካ ውስጥ ያለው ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ግን ጊዜ አይሰጥም። አንዳንዴ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የደም ስኳሩን ያወርድና ውሻው ይንገዳገዳል፣ ይወድቃል። በኋላ ጉበቱንም ሊጎዳ ይችላል።

«የቀመሰው ትንሽ ናት።»

ለወይንና ለዘቢብ «ይህን ያህል አይጎዳም» የሚባል መጠን የለም። ለቸኮሌት ልኩ በውሻው ክብደት ይወሰናል፤ ስሌቱን ለሐኪሙ ተዉት። የቡና አተላና የተቦካ የዳቦ ሊጥም ከትንሹ አይቆጠሩ። ሊጡ ሆዱ ውስጥ እየነፋ አልኮል ያመነጫል።

«አስመለሰው እኮ፣ አለቀ።»

አላለቀም። ከበላው የተወሰነው ወደ ደሙ ገብቶ ይሆናል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የተረፈውን ከፊቱ አንሱ። ሌላ ውሻ ካለ ለዩት፤ እሱም በልቶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ቶሎ ለእንስሳት ሐኪም ደውሉ። የሚጠይቃችሁ አራት ነገር ነው፦ ምን በላ፣ ምን ያህል፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ውሻው ስንት ኪሎ ነው። መጠቅለያውን ከቆሻሻ ቅርጫት አውጥታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ዛይሊቶል አለው የለውም የሚለው እዚያ ላይ ተጽፏል። ያስመለሰውንም በላስቲክ ያዙለት። አሜሪካ ላላችሁ፣ ኤኤስፒሲኤ (ASPCA) የተባለው የእንስሳት ተከላካይ ድርጅት የእንስሳት መርዝ መረጃ ማዕከል 24 ሰዓት ስልክ ያነሳል፤ ቁጥሩ 888-426-4435 ነው። ክፍያ ሊጠይቁ ይችላሉ። ክሊኒካችሁ ማታ ዝግ ከሆነ፣ ሌሊት የሚሠራውን ዛሬውኑ አጣርታችሁ ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።