ሎካልሆስት ምንድን ነው?

የመጀመሪያው ደንበኛዬ ኮምቦልቻ ውስጥ የግንባታ ዕቃ የሚሸጡ ሰው ነበሩ። ድረ ገጻቸውን ደሴ፣ ሆጤ ካለው ቤቴ ሆኜ ጨረስኩና እኩለ ሌሊት ላይ አድራሻውን በቴሌግራም ላክሁላቸው፤ ሎካልሆስት፣ ከዚያ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ 3000። ጠዋት ደወሉ። «ልጄ፣ ይኸ ነገር አይከፈትም እኮ። ኔትወርኩ ይሆን?» እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ «አዎ፣ ኔትወርኩ ነው» አልኳቸው።

ኔትወርኩ ምንም አላጠፋም። ሎካልሆስት እንኳን ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ሊደርስ፣ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው አይሻገርም። መልኩ የአድራሻ ነው፤ ጠባዩ ግን የተውላጠ ስም ነው፤ ልክ «እኔ» እንደሚለው ቃል። «እኔ» ሲባል ማን እንደሆነ የሚታወቀው በተናጋሪው ነው። ሎካልሆስትም እኔ ላፕቶፕ ላይ ሲጻፍ ላፕቶፔን፣ እሳቸው ስልክ ላይ ሲጻፍ ስልካቸውን ያመለክታል። ስልካቸው የራሱን ደጅ አንኳኳ፤ ውስጥ «ማነው?» የሚል ሰርቨር፣ ማለትም ገጹን ለጠየቀው የሚያቀርብ ፕሮግራም፣ ስላልነበረ ባዶ እጁን ተመለሰ።

ከስሙ ጀርባ ያለው ቁጥር ብዙውን ጊዜ 127.0.0.1 ነው። በ127 የሚጀምሩት ከ16 ሚሊዮን በላይ አድራሻዎች በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ተከልለዋል፤ እኛ የምንጠቀመው ግን ይህንኑ አንዱን ነው። ወደዚያ የተላከ ጥያቄ ከማሽኑ ሳይወጣ ስለሚመለስ፣ ኢንተርኔት ቢጠፋም ሥራ አይቆምም። ዳታ ባለቀብኝ ሌሊት ስንት ገጽ እንደጨረስኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሁለት ነጥቡን ተከትሎ የሚመጣው ቁጥር ፖርት ይባላል። አንድ ማሽን ውስጥ ብዙ ፕሮግራም ስለሚሠራ፣ ሕንፃው ከተገኘ በኋላ የሱቁን ቁጥር እንደመጥቀስ ነው። የድረ ገጽ መሥሪያዎቹ ኔክስት 3000፣ ቪት 5173፣ ዳታቤዙ (የመረጃ ቋቱ) ማይኤስኪውኤል ደግሞ 3306 ላይ መቀመጥ ልማዳቸው ነው። «ፖርቱ ተይዟል» ከተባላችሁ፣ ብዙውን ጊዜ ትናንት ሳትዘጉት የተረሳ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ነው።

ታዲያ ገጹን በስልክ ማየት ስፈልግስ? ላፕቶፑን ከስልኬ ሆትስፖት ጋር አገናኛለሁ። ዊንዶውስ ላይ ተርሚናል ከፍቼ አይፒኮንፊግ ብዬ ስጽፍ 192.168.43.25 የመሰለ ቁጥር ይወጣል። ይህ ላፕቶፑ በጎረቤቶቹ ዘንድ የሚጠራበት ስም ነው። በስልኩ ብራውዘር ይህንኑ ቁጥር፣ ሁለት ነጥብና ፖርቱን እጽፋለሁ። ልውውጡ በሁለቱ መካከል ስለሚያልቅ ዳታ አይበላም። ቪት ላይ ግን አንድ ነገር መጨመር አለበት፤ ካልተነገረው በስተቀር ከራሱ ማሽን ለመጣ ጥያቄ ብቻ ነው የሚመልሰው። ማስጀመሪያ ትእዛዙ ላይ ሁለት ጭረት አስቀድማችሁ ሆስት የሚለውን ቃል ጨምሩለት። ይኸም ሆኖ ስልኩ እንቢ ካለ ከውጭ የሚመጣ ጥያቄን የሚያግደውን ጠባቂ፣ የዊንዶውስን ፋየርዎል፣ ጠርጥሩ። የካፌ ዋይፋይ ላይ ይህን ባታደርጉት ይሻላል፤ አጠገባችሁ ቡና የሚጠጣው ሰውም ያንኑ ገጽ መክፈት ይችላል።

ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባሉ የተለያዩ ክፍሎች ለየብቻ የሚያሠራውን ዶከርን የምትጠቀሙም «እኔ» የሚለውን አትርሱ፤ ኮንቴይነር ውስጥ ሎካልሆስት ማለት ኮንቴይነሩ ራሱ ነው። ዳታቤዙ ሌላ ኮንቴይነር ውስጥ ከሆነ በዚያኛው አገልግሎት ስም ጥሩት።

ወደ ደንበኛዬ ልመለስ። ገጹን ኢንተርኔት ላይ ያለ እውነተኛ ሰርቨር ላይ ጫንኩትና አዲሱን አድራሻ ላክሁ። ተከፈተ፤ ነገር ግን «የብሎኬቱም የቆርቆሮውም ፎቶ የለም» አሉኝ። እኔ ጋ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ኮዱን ስመረምር የፎቶዎቹ አድራሻ በሙሉ በሎካልሆስት ይጀምራል። እኔ ጋ የታዩት የልምምዱ ሰርቨር ላፕቶፔ ላይ ገና ስላልጠፋ ነው፤ የተሰቀለው ገጽ ፎቶዎቹን ከእኔው ጓዳ እየወሰደ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሰርቨሩን አድራሻ ኮድ ውስጥ አልቀብርም፤ ለብቻው ኤንቭ በሚባል የቅንብር ፋይል አስቀምጬ፣ ለቤት አንድ፣ ለአደባባይ ሌላ አደርጋለሁ። ገጽ ከሰቀልኩ በኋላም መጀመሪያ የላፕቶፔን ሰርቨር አጠፋና እንደ ማንኛውም ሰው በስልኬ እከፍተዋለሁ።

ፎቶዎቹ ሲስተካከሉ ደንበኛዬ ደወሉ። «አሁን ሁሉም ይታያል። ኔትወርኩ ተሠራ መሰለኝ» አሉ። «ይመስለኛል» አልኳቸው።