ሲጋርን በቤት ማቆየት

በእጅ የሚሠራ ሲጋር ከውስጥ እስከ ውጭ የትምባሆ ቅጠል ነው። ከፋብሪካ ከወጣ በኋላም እርጥበት ከአየር ይስባል፣ መልሶም ይለቃል። ስለዚህ ማቆየት ሲባል ዋናው ሥራ እርጥበቱን ልክ ማስያዝ ነው። ሲደርቅ የላይኛው መጠቅለያ ቅጠል ይሰነጠቃል፣ ጭሱም መራራ ይሆናል፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ጭስ አልሳብ ይላል፣ ይሻግታል። የቆየው ደንብ 70 በመቶ እርጥበትና 21 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ለዓመታት ለሚቀመጥ ግን ብዙዎች 65 በመቶና 18 ዲግሪ አካባቢ ይመርጣሉ።

በአውሮፓ ሲጋርን ለደንበኛ አቆይቶ በማቅረብ የትምባሆ ነጋዴዎቹ የለንደኑ ዳንሂልና የጄኔቫው ዚኖ ዳቪዶፍ ይጠቀሳሉ። የኩባ ሳጥኖች ግርጌያቸው ላይ የታሸጉበት ወርና ዓመት ይታተማል፤ ዕድሜ የሚቆጠረው ከዚያ ነው።

ማቆያው ሳጥን ሂውሚዶር ይባላል። ምርጡ ውስጡ በስፓኒሽ ሲዳር የተለበጠው ነው። ይህ እንጨት ስሙ ሲዳር ይሁን እንጂ የማሆጋኒ ዘመድ ነው፤ በጽድ መተካት አይቻልም፣ የጽድ ጠረን ቅጠሉ ውስጥ ይገባል። ክዳኑ መግጠሙን ለማወቅ ወረቀት አስገብቶ መዝጋትና መሳብ ነው፤ በቀላሉ ከወጣ አየር ያስገባል።

አብዛኛው ጥፋት የሚደርሰው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። አዲስ ሳጥን ደረቅ በመሆኑ እርጥበቱን ከሲጋሩ ይወስዳል። ስለዚህ ባለ 84 በመቶ የእርጥበት ከረጢት (የሳጥኑን አየር እርጥበት በተጻፈበት ልክ የሚይዝ ትንሽ ከረጢት)፣ ለ25 ሲጋር በሚበቃ ቦታ አንድ ባለ 60 ግራም ታስቦ፣ ባዶው ሳጥን ውስጥ ይገባና 14 ቀን ሳይከፈት ይቆያል። ከዚያ በባለ 65 ወይም በባለ 69 ይተካል። እንጨቱን በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ያጣምመዋል። በስፖንጅ የሚሠራ ማርጠቢያ ከሆነ ተንኖ የተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ ብቻ ይጨመርበታል፤ የቧንቧ ውሃ ማዕድን ስፖንጁን ይደፍነዋል።

እርጥበት መለኪያው ሳይፈተሽ አይታመንም። በጠርሙስ ክዳን ውስጥ ጨው ይደረግና ሳይሟሟ እንደ ሊጥ እስኪሆን ጥቂት ውሃ ይንጠባጠብበታል፤ ከመለኪያው ጋር በታሸገ ላስቲክ ውስጥ 24 ሰዓት ይቆያል። 75 ማሳየት አለበት። 71 ካለ፣ ሁልጊዜ 4 መደመር ነው።

ሙቀት ከ24 ዲግሪ ሲያልፍ የትምባሆ ነቀዝ እንቁላል ሊፈለፈል ይችላል። ምልክቱ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ ነው። በሳጥኑ ያለው ሁሉ በድርብ ላስቲክ ታሽጎ አንድ ቀን ማቀዝቀዣ፣ ሦስት ቀን ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር፣ ከዚያ እንደገና አንድ ቀን ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆያል። በአንዴ ከፍሪዘር የወጣ ሲጋር ይሰነጠቃል።

በቅጠሉ ላይ የሚታየውን ነጭ ነገር አንዳንዶች የመብሰል ምልክት ያደርጉታል፤ በማጉያ ሲታይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሻጋታ ነው። በእግሩ (በሚለኮሰው ጫፍ) በኩል ወደ ውስጥ ከገባ ሲጋሩን መጣል ነው። አንዳንድ ሲጋር ተጠቅልሎ የሚመጣበትን ግልጽ ሴሎፎን ማውለቅ ወይም መተው አከራካሪ ነው፤ ሁለቱም ይሠራል።

አዲስ ሲጋር የአሞኒያ ሽታ ካለው ለጥቂት ወራት መተው ነው። ጣዕሙ ለስላሳ የሆነው ሲጋር ቶሎ ጣዕሙ ይሳሳል፤ ጣዕሙ ጠንካራ የሆነው 5 ዓመትና ከዚያ በላይ መቆየት ይችላል። ጣዕም የተጨመረበት ሲጋር ከሌላው ጋር አይቀመጥም።

እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ከረጢቱ ቶሎ ያልቃል፤ ሲደርቅና ሲጠነክር መለወጥ ነው። በክረምት ደግሞ ሳጥኑ በየጊዜው ከተከፈተ እርጥበቱ ከልክ ያልፋል። ፍሪጅ አናት ላይ ማስቀመጥ በየትኛውም ወቅት አይመከርም፤ ሙቀት አለው። ጥሩ ሳጥን ላላገኘ፣ ላስቲክ ያለው ጥብቅ የምግብ ዕቃ ከአሮጌ የሲጋር ሳጥን ከተነቀለ የሲዳር ልጥ ጋር እርጥበቱን ይዞ ይቆያል፤ በየሁለት ሳምንቱ ለደቂቃ ከፍቶ ማናፈስ ነው።