«ይፍቱኝ» ያለችው ንግሥት

በክርስቶስ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤ በንስሐ አባታችን ፊት ተንበርክከን «አባቴ፣ ይፍቱኝ» ካልን በኋላ «እግዚአብሔር ይፍታህ» እስኪባል ያለችውን ቅጽበት ሁላችንም እናውቃታለን። ጉልበት ይንቀጠቀጣል፣ ጉሮሮ ይደርቃል። ዛሬ የምጽፍላችሁ አንድ አገር በሙሉ ያንን ቃል ስለጠበቀበት ማታና ከዚያ ማታ በኋላ ስለሆነው ነገር ነው። ዘመኑን የምቆጥረው በፈረንጆቹ ነው።

ኖቬምበር 30 ቀን 1554፣ የሐዋርያው እንድርያስ በዓል፣ ለንደን፣ ዋይትሆል ቤተ መንግሥት። የእንግሊዝ ፓርላማ አባላት ተንበርክከዋል። ንግሥት ቀዳማዊት ሜሪ፣ የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ልጅ፣ ከስፔናዊው ባለቤቷ ከፊሊጶስ ጋር እዚያው ናት፤ ታለቅስ ነበር ይባላል። ከፊታቸው የቆመው የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ መልእክተኛ ካርዲናል ሬጂናልድ ፖል ነው። አገሪቱ በ1534 ከሮም ከተለየች ሃያ ዓመት ሆኗታል። ካርዲናሉ እጁን ዘርግቶ ፈታቸው።

ይህ ሰው ማን እንደሆነ ካላወቅን የዚያ ማታ ክብደት አይገባንም። እናቱ ማርጋሬት ፖል የሜሪ አሳዳጊ ሞግዚት ነበረች። ሄንሪ በልጇ ተቆጥቶ እርሷን አሰራት፣ ፓርላማውም ያለ ችሎት የሞት ፍርድ ፈረደባት፤ በ1541 በሽምግልናዋ አንገቷ ተቀላ። ቤተ ክርስቲያናችን ዛሬ ብፅዕት ማርጋሬት ብላ ትጠራታለች። እንግዲህ ልጇ ከሃያ ዓመት ስደት ተመልሶ «እግዚአብሔር ይፍታችሁ» ያለው በእናቱ ላይ የፈረደውን ያንኑ ምክር ቤት ነው። ወንጌል በአንድ አዳራሽ ውስጥ ሥጋ ለብሶ የታየበት ማታ ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ከዚያ ማታ በኋላ ስድሳ ስድስት ቀን ቁጠሩ።

ያው ተንበርክኮ የተፈታው ፓርላማ የድሮዎቹን የመናፍቃን ሕጎች መልሶ አጸደቀ፤ ከጃንዋሪ 20 ቀን 1555 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋሉ። ፌብሩዋሪ 4 ቀን ጆን ሮጀርስ የሚባል፣ በ1537 የታተመውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ያሰናዳ ካህን፣ ስሚዝፊልድ አደባባይ ላይ በእሳት ተቃጠለ። ከመሞቱ በፊት ሚስቱን ላናግራት ብሎ ለምኖ ተከልክሏል። እርሷ ግን ልጆቿን አስከትላ፣ አንዱን ጡት እያጠባች፣ መንገድ ላይ ጠበቀችው። ከዚያ በኋላ ባሉት አራት ዓመታት ውስጥ የተቃጠሉት ሰዎች ወደ 280 ይጠጋሉ፤ ከእነርሱም ከሃምሳ በላይ የሚሆኑት ሴቶች ናቸው። አብዛኞቹ ሸማኔ፣ ገበሬ፣ የቤት እመቤት፣ ተራ ሰው ነበሩ።

ማቴዎስ 18ን አንብቡ። አሥር ሺህ መክሊት የተማረለት ባሪያ ከጌታው ፊት ወጥቶ ገና ብዙም ሳይርቅ መቶ ዲናር የተበደረውን ባልንጀራውን አገኘና ጉሮሮውን አነቀው። ጌታ ይህን ምሳሌ የተናገረው ጴጥሮስ «ስንት ጊዜ ይቅር ልበል?» ብሎ ሲጠይቀው ነው። ባሪያው ምሕረትን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ገና አሁን ተቀብሏት ወጥቷል።

ሜሪን «ደም አፍሳሿ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ብዙ ሰው እንደዚያ ያልፋታል። እኔ ግን ለዚህች ሴት አዝንላታለሁ። በ1533 ሊቀ ጳጳሳት ቶማስ ክራንመር የእናቷን የካትሪንን ጋብቻ ፈረሰ ብሎ ሲወስን የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ልዕልት የሚለውን ማዕረጓን ተነጠቀች፤ የአዲሲቱ ንግሥት ሕፃን ልጅ ኤልሳቤጥ በምታድግበት ቤት ዝቅ ብላ እንድትኖር ተደረገች። እናቷ በ1536 ስትሞት አላየቻትም፤ ከልክለዋታል። በዚያው ዓመት በጋ ላይ አባቷ አንድ ወረቀት ላከባት፦ ንጉሡ የቤተ ክርስቲያን ራስ ነው፣ የእናትሽም ጋብቻ ሕገ ወጥ ነበር የሚል። እምቢ ብትል ሞት ነው። ሳታነበው ፈረመች ይባላል። ከዚያም ሕሊናዋ ዕረፍት ስላጣ የእናቷ የእኅት ልጅ በነበረው በንጉሠ ነገሥት ካርል አምስተኛ አምባሳደር በኩል ከሮም በድብቅ ፍትሐት እንዲላክላት ጠየቀች።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ሃያ ዓመቷ ነው፤ በፍርሃት እናቷን ክዳ ፈርማለች፤ «ይፍቱኝ» እያለች ነው። የፍርሃት ፊርማ ምን እንደሚመስል ከእርሷ የተሻለ የሚያውቅ ማን ነበር?

ዙፋን ላይ ስትወጣም ክፉ ሆና አልጀመረችም። በ1553 ዘውዷን ሊነጥቋት ካሴሩት መካከል በዚያ ክረምት የተገደሉት ሦስት ብቻ ናቸው። በእርሷ ቦታ የነገሠችውን ጄን ግሬይንም መጀመሪያ ላይ ምራታለች፤ ጄን የሞተችው በማግሥቱ ዓመት ሌላ ዓመፅ ከተነሣ በኋላ ነው። ስለዚህ ሜሪ ራሷን የበደለውን ይቅር ማለት ታውቅበት ነበር። የከበዳት እግዚአብሔርን በደለ ያለችውን ሰው መማር ነው። የሃይማኖተኛ ሰው ፈተና ከዚህ ላይ ይመስለኛል። «የእኔንስ በተውኩት፤ የጌታዬን ግን እንዴት እተዋለሁ?» እንላለን፤ ቅናታችን ቅዱስ ስለሆነ ንስሐ የሚያስፈልገው ሆኖ አይታየንም። ያዕቆብና ዮሐንስም በሳምራውያኑ መንደር ላይ እሳት ይውረድ ያሉት ለጌታ ክብር ተቆርቁረው ነበር። ጌታ ዘወር ብሎ የገሠጸው ግን ሳምራውያኑን አይደለም።

በዚያው ወር፣ ሮጀርስ በተቃጠለ በስድስተኛው ቀን፣ የፊሊጶስ አበ ነፍስ የነበረው ስፔናዊው ፍራንሲስካዊ አልፎንሶ ደ ካስትሮ በቤተ መንግሥቱ ቆሞ ማቃጠሉን ነቅፎ ሰበከ። እሳቱ ጥቂት ሳምንት ጋብ አለ፣ ከዚያ ቀጠለ። በገዛ ቤታችን ድምፅ ተሰምቶ እንደነበር ማስታወስ ስላለብን ነው ይህን የማነሣው።

ከዚያ ክራንመር መጣ። ያ የእናቷን ጋብቻ ያፈረሰው። ሁለት ጓደኞቹ፣ ላቲመርና ሪድሊ፣ በኦክስፎርድ ሲቃጠሉ እንዲያይ ተደርጓል። በእስር ቤት ስድሳ ስድስት ዓመት የሞላው ሽማግሌ ተሸነፈና ትምህርቱን የሚክድ ወረቀት ደጋግሞ ፈረመ። በጊዜው በነበረው ልማድ የተመለሰ ሰው ከሞት ይተርፍ ነበር። ለእርሱ ግን ምሕረት አልመጣም። ማርች 21 ቀን 1556፣ ዝናብ በሚዘንብበት ጠዋት፣ በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን አቁመውት ሰባኪው ንስሐ ቢገባም ለምን መሞት እንዳለበት ምክንያት ይደረድር ነበር። ክራንመር የመናገር ተራው ሲደርሰው የፈረመውን ሁሉ መልሶ ካደ። እሳቱ ሲነድድ ልቡ የማያምነውን የጻፈች ቀኝ እጁን አስቀድሞ ወደ ነበልባሉ ዘረጋት።

እኔ ካቶሊክ ነኝ፤ በትምህርቱ ከክራንመር ጋር አልስማማም። ነገር ግን በሃያ ዓመት ልዩነት ሁለት እጆች በፍርሃት ፈርመዋል። አንደኛዋ ፍትሐት ለምናለች። ሁለተኛውን መፍታት ስትችል አልፈታችውም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጸሎተ ሐሙስ ሆነ። ግሪኒች ቤተ መንግሥት ውስጥ ንግሥቲቱ ረጅም ሽርጥ አሸርጣ የአርባ አንድ ድሆች ሴቶችን እግር አጠበች፤ አርባ አንደኛ ዓመቷን ይዛ ነበርና ቁጥሩ በዚያ ልክ ነው። ከካርዲናሉ ጸሐፊዎች አንዱ አይቶ ጽፎታል። ከአንዷ ወደ ሌላዋ ስትሄድ አልተነሣችም፤ በጉልበቷ ነው የሄደችው። እያንዳንዷን እግር አጥባ፣ አድርቃ፣ ሳመች። መጨረሻ ላይ ከሁሉ ድሃዋ የትኛዋ እንደሆነች ለማየት ሁለት ጊዜ ዞራ የለበሰችውን ቀሚስ ለእርሷ ሰጠች። ይህ ማስመሰል ነበር ብዬ ለማመን አልችልም፤ ትወዳቸው ነበር። እኛም ሕጽበተ እግር የምናውቅ ሕዝብ ነን፤ ውኃው ሲፈስ፣ ወይራው ሲነካን፣ ዓይናችን እንባ ይሞላል። ያን ቀን አልቅሶ በማግሥቱ ወንድሙን ማነቅ እንደሚቻል ከዚህች ንግሥት ተምሬያለሁ።

ከራሴም ተምሬያለሁ። ታናሽ ወንድሜ ቤተ ክርስቲያናችንን ትቶ ወደ ሌላ ማኅበር ሄዶ ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ በትንሣኤ ማግሥት ዳቦ ይዞ መጣ። እናታችን ቡና እያፈላች ነበር። ሰላም አልኩት፣ ስኒ አቀበልኩት፤ ከዚያ ሁለተኛው ስኒ እስኪቀዳ አልታገሥኩም፣ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ እያነሣሁ መልስ ጠየቅኩት። ዐርብ ዕለት ተናዝዤ፣ ተፈትቼ፣ ቆርቤ ነበር። እርሱ ስኒውን ሳይጨርስ ጫማውን አድርጎ ወጣ። እናቴ ምንም አላለችኝም፤ የእርሱን ስኒ ብቻ ሳታጥብ ለብቻው አስቀመጠችው።

ማርች 12 ቀን 2000 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ እውነትን እናገለግላለን እያልን ስላጠፋነው ጥፋት በይፋ ምሕረት ለምነዋል። አንዳንድ ሰዎች «ፕሮቴስታንቶቹም በኤልሳቤጥ ዘመን የእኛን ገድለዋል» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ብዙ ካህናት ተገድለዋል፤ ቅዱሳን ብለን እናከብራቸዋለን። ንስሐ ስገባ ግን የምናዘዘው የራሴን ነው።

ሜሪ ኖቬምበር 17 ቀን 1558 ንጋት ላይ በአርባ ሁለት ዓመቷ ሞተች። ካርዲናል ፖልም በዚያው ዕለት ማታ ተከተላት፤ እርሱ ራሱ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከሮም በኑፋቄ ተጠርጥሮ ነበር። ልጅ አልወለደችም፣ ሥራዋም በእህቷ በኤልሳቤጥ ዘመን ፈረሰ።

ባለፈው ኅዳር ለቄሳችን የሙታን ጸሎት እንዲያደርጉልኝ ጠየቅኳቸው። ለስንት ሰው አሉኝ፤ ለሁለት አልኳቸው። የክርስትና ስማቸውን ሲጠይቁኝ «ማርያምና ቶማስ» አልኳቸው። ጻፉት፤ በአንድ ፍትሐት ሁለቱንም ጠሯቸው። ወንድሜ ከኋላዬ ቆሞ ነበር።